ተራውና ጌጠኛው ጠመንጃ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለምሳሳልሽ ለእህቴ ልጅ፣ ለብሎኔ፦

እንዴት ከርመሻል? የሰው አገር አየር ተስማምቶሽ ይሆን? እኔ ከዓይኔ፣ ከጆሮዬና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ታዲያ ምን ቀረህ ብትይ፣ አፌና እጄ አሉ፤ ለእነሱም ተመስገን ነው። ባለፈው ስትደውዪ ጎረቤቴ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፋልኝ «አቤት፣ አቤት» ስል ቆየሁ እንጂ አንድም ቃል አልገባኝም። አርባ ዓመት ሙሉ የጠገንኩትን ጠመንጃ ሁሉ እየተኮስኩ የሞከርኩበት ጆሮ ነው፤ አገልግሎ ጡረታ ወጥቷል። ከእንግዲህ የሚገባኝ በወረቀት የመጣ ብቻ ነው። ፊደልሽን ጎላ አድርጊልኝ፤ በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ እለቅመዋለሁ። ድሮ አንቺ ከሱቄ ወለል ላይ ብሎን እንደምትለቅሚው።

ወሬዬ ደግ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ ባለፈው ወር ዐረፈ። ጠዋት ሊቀሰቅሱት ሲገቡ ነው ያወቁት። ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሜ አፈሩ ሲመለስ አይቼ ወጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሳንነጋገር ኖረን ያን ቀን ከፊት ልቆም አልደፈርኩም።

በሳምንቱ ሚስቱ ወደ ሱቄ መጣች። አሮጌ መጋረጃ የተጠቀለለበት ነገር ብረት በማስርበት ሞርሳ አጠገብ አስቀምጣ «ምን እንደሆነ ታውቃለህ» አለችኝ። ሳልፈታው አውቄዋለሁ። የአባታችን ጌጠኛው ጠመንጃ ነው። አንቺ ልጅ ስለነበርሽ ትዝ ላይልሽ ይችላል፤ አባታችን ሁለት ባለጥንድ አፈሙዝ የወፍ ጠመንጃ ነበረው። ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ዘመን የተሠሩ ናቸው። አንዱ ተራ፣ አንዱ ጌጠኛ። ጌጠኛው ለታላቄ፣ ተራው ለእኔ ደረሰ።

ሚስቱ ቤቱን ልትለቅ ነው። ልጇ ዘንድ ሄዳ አንዲት ክፍል ውስጥ ልትኖር ነው፤ ጠመንጃ የሚሰቀልበት ግድግዳ የለም። አሮጌ መሣሪያ የሚሰበስብ አንድ የጥርስ ሐኪም ልግዛ ብሏታል። «የሙያው ሰው አንተ ነህ፤ የሚያወጣውን ንገረኝ፣ እንዳልታለል» አለችኝ።

አንቺ በዚያ የጨረታ ቤት እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ስትጠርጊና ስትመዘግቢ ነው የምትውዪው። ተራውና ጌጠኛው እዚያ በምን ይለያያሉ? ሰው የሚከፍለው ለየትኛው ነገር ነው? እግረ መንገድሽን ደግሞ፣ አንድ ደንበኛዬ የጠየቀኝ አለ፦ የአንዱ አፈሙዝ በሌላው አካል ላይ ቢገኝ ዋጋው እንዴት ይሆናል? የደንበኛዬ ነገር ነው፤ አትቸኩዪበት።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ።

አጎትሽ

—

ኅዳር 19

ለማከብርዎት አጎቴ፦

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎ በእጄ ሲገባ ወር ሊሞላው ነበር፤ መልሴም ዘግይቷል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ ትልቁ አጎቴ ነፍስ ይማር። ማልቀስ ፈልጌ ፊታቸው አልመጣልኝም። ከስምንት ዓመቴ ወዲህ ቤታቸው አልገባሁም። ትዝ የሚለኝ ጠመኔ የነካው የኮት እጀታቸው ብቻ ነው።

ደህና ነኝ። ሥራው ያው ነው። ምድር ቤት ወርጄ፣ ስድስት ፎቅ ወጥቼ፣ ተኝቼ፣ መልሼ እወርዳለሁ። ድካም ነው እንጂ ሌላ ችግር የለም።

የጠየቁኝን ጎላ አድርጌ እጽፋለሁ። ሰው በተራውና በጌጠኛው መካከል ያለው ልዩነት ቅርጹ ይመስለዋል፤ በብረቱ ጎን ላይ የተፈለፈለው ሐረግና ወፍ። ቅርጹ የመጨረሻው ነገር ነው። ውስጡ ያለው መምቻ፣ ቃታው፣ ሞላው በሁለቱም አንድ ነው። ጌጠኛውን ጌጠኛ ያደረገው ሠራተኛው የፈጀበት ጊዜ ነው። ተራው ላይ ሞርዶ ሲገጥምለት ይተወዋል፤ ጌጠኛው ላይ ከገጠመ በኋላም ይሞርዳል። ተራው ሲከፈት ይከፈታል። ጌጠኛው ሲከፈት የሚተነፍስ ይመስላል። ሰደፉ ከሽማግሌ ዛፍ ሥር የተቆረጠ፣ ደመና የመሰለ እንጨት ነው። የተራው እንጨት ቀጥ ያለ ነው፤ በሬ ቢረግጠው አይሰበርም፣ ግን ማንም ሁለቴ አያየውም።

ትልቁ ልዩነት አፈሙዙ ነው። የጌጠኛው ብረት የተሻለ ስለሆነ ስስ አድርገውታል፤ ቀላል ነው፤ ሲያነሡት ዓይን ወዳየበት ራሱ ይሄዳል። ግራውና ቀኙ አርባ እርምጃ ላይ አንድ ቦታ ይመታሉ። የተራው ጥንድ ወፍራም ነው፤ ግራው ትንሽ ወደ ግራ ይሸሻል፤ ባለቤቱ ይለምደዋል።

ሻጭ ጎኑን ያሳያል፤ ገዢ ግን ገልብጦ ሆዱን ያያል። ቁጥሩ ሦስት ቦታ ተመትቷል፦ ከአፈሙዙ ሥር፣ አፈሙዙ በሚያርፍበት ብረት ላይ፣ በፊት እንጨቱ ውስጥ። ከቁጥሩ በታች ደረጃውን የምትናገር ትንሽ አኃዝ አለች። ለተራው አንድ፣ ለጌጠኛው አራት።

ለደንበኛዎም ይኸውልዎ፦ ቁጥሩ ካልተስማማ እዚህ ማንም አይነካውም። ሐቀኛ ተራ ጠመንጃ ከተቀየጠ ጌጠኛ ይበልጣል።

ፎቶ አስነሥተው ይላኩልኝ። ሆዱንም አይርሱ።

የእህትዎ ልጅ

—

ታኅሣሥ 23

ይድረስ ለብሎኔ፦

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ቀን አነበብኩት፤ አንደኛውን ቀን ለማየት፣ ሁለተኛውን ለመረዳት፣ ሦስተኛውን ለመኩራት። ሞረድ ያስያዝኩሽ እኔ አይደለሁ!

ፎቶዎቹን ልኬያለሁ። ጎኑ በግራም በቀኝም አለ፣ ሰደፉም አለ። ሆዱን ፎቶ አንሺው አላወጣው አለ፤ ብርሃኑ እምቢ አለው።

አንድ ነገር ግን ቅር ብሎኛል። ተራውን «ማንም ሁለቴ አያየውም» ብለሻል። ልጄ፣ እኔ የሚያዩትን ሰዎች አውቃለሁ። ሱቄ የሚመጣው አብዛኛው ሰው የያዘው ተራውን ነው። ዝናብ ላይ ይዞት ይወጣል፣ በብስክሌት ይጭነዋል፣ አንዱማ የበር መወርወሪያ አድርጎት ሰደፉን ሰንጥቆ መጣ። ሰደፉን አጣብቄ፣ ሞላ ቀይሬ እመልስለታለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ይተኩስበታል። ጌጠኛውን የያዘ ሰው መጥቶ የሚጠይቀኝ «ሳልነካው እንዳይዝግ ምን ልቀባው?» ነው። የትኛው ነው ጠመንጃ? ይህን ስልሽ ደግሞ ራሴን እሰማዋለሁ። ተራው የደረሰው ሰው ተራውን ቢያወድስ ምን ይገርማል።

የወንድሜ ሚስት ሁለት ጊዜ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇ ቦዝኖ አይቀመጥም፤ ቆማ እየጠበቀችኝ የሽርጤን የተተረተረ ኪስ ሰፋችልኝ። «ምነው ዘገየህ?» ትላለች። «ከውጭ መልስ እየጠበቅሁ ነው» እላታለሁ። የጥርስ ሐኪሙም አንዴ ብቅ ብሎ ነበር። «አጽዳቸውና ልያቸው» አለኝ። ስለ ጠመንጃ ነው ስለ ጥርሴ ግራ ገባኝ።

እና ንገሪኝ፤ በፎቶው ብቻ ዋጋ መገመት ይቻላል? ሆዱን ሳያዩ የሚገዙ አይጠፉም መቼም።

አጎትሽ

—

ጥር 20

ለማከብርዎት አጎቴ፦

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን በሙቅ ውኃ ያሹታል ወይስ እንደ ድሮው በማሽን ዘይት?

ፎቶዎቹ ደርሰውኛል። ጎኑ የሚያምር ሥራ ነው። የሐረጉ መስመር አንድ ቦታ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህን የፈለፈለ ሰው ዕድሜ ልኩን ሌላ ነገር አልሠራም ብዬ አሰብኩ። ሰደፉም እንዳልኩት ደመና ነው።

አጎቴ፣ የቀኙን ጎን ፎቶ ሳየው አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታም ገብቷል። ፎቶ አንሺው ሳያስበው ነው። እዚያ ላይ አንድ ረድፍ ቅጠል ተፈልፍሏል። ጎኑ ላይ ያለው ቅጠል ጫፉ ወደ ፊት ይሄዳል። አፈሙዙ ላይ ያለው ጫፉ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ እንደተጠራ ሰው። በማጉያ አየሁት። ፎቶውን ገልብጬ አየሁት።

ይህን ቅጠል አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤት ስገባ ለእርሳሴ የሠሩልኝ የቆርቆሮ ሳጥን ክዳኑ ላይ አለ። ሳጥኑ እዚህ መስኮቴ ላይ ተቀምጧል። አጠገብ ላጠገብ አድርጌ አየኋቸው።

ምናልባት ቅጠሉ ጠፍቶ ሊያድሱት ብለው ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ይንገሩኝ፣ ነገሩ ያበቃል። እንደዚያ ካልሆነ ግን፣ አጎቴ፣ ያ ደንበኛ ማን ነው?

የእህትዎ ልጅ

—

መጋቢት 11

ለአጎቴ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሁለት ወር ሊሆን ነው፣ መልስ የለም። ጎረቤትዎ ጋ ደውዬ ነበር፤ «ሱቁ ክፍት ነው፣ ሰውየው ግን አይናገርም» አለችኝ። በሕይወት መኖርዎን ሰማሁ፤ ይህም አንድ ነገር ነው።

ከባድ ነገር የጻፍኩ መሰለኝ። እኔም የደበቅሁትን ልንገርዎትና እኩል እንሁን። የመሣሪያው ክፍል ከተዘጋ ሁለት ዓመቱ ነው። ጠመንጃዎቹን ለሌላ ድርጅት አስተላልፈው እኔን ወደ ሳህንና ብርጭቆ ማሸጊያ አዛወሩኝ። ቀኑን ሙሉ ሲኒ በወረቀት እጠቀልላለሁ። ለእርስዎ የጻፍኩልዎት የማውቀው ነው፣ አልዋሸሁም፤ ግን ከትዝታዬና ወደ ቆሻሻ ሲጣሉ ካነሣኋቸው የድሮ መዝገቦች ነው የጻፍኩት። «የእህቴ ልጅ የመሣሪያ አዋቂ ናት» ብለው ለሰው ሁሉ መናገርዎን ስለማውቅ አፌ አልፈታ አለኝ።

ይኸው ነው። አሁን ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ

—

ሚያዝያ 2

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፦

ሲኒ መጠቅለል ያሳፍራል ብለሽ ሁለት ዓመት ደበቅሽኝ። ሌባ አጎት እንዳለሽ ብታውቂ ምን ልትይ ኖሯል። ደንበኛው እኔ ነኝ።

አባታችን ሊሞት ሲል ጠርቶን «ጌጠኛው ለታላቅህ፣ ተራው ለአንተ» አለ። ምክንያት አልሰጠም፤ አባት ምክንያት አይሰጥም። ወንድሜ ርእሰ መምህር ነበር፤ ጠመንጃ ሲይዝ መጥረጊያ የያዘ ይመስል ነበር። እኔ ደግሞ ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ያንን ጠመንጃ ስከፍትና ስዘጋ፣ ሲተነፍስ ስሰማ ያደግሁ ነኝ። አንቺ አሁን በጻፍሽው ቃል ነው የማውቀው። ከአባታችን ቀብር በኋላ ወንድሜ ራሱ አመጣልኝ። «አጽዳልኝ፣ አንተ ነህ የምታውቅበት፤ በሳምንቱ እወስደዋለሁ» አለ። ሁለቱም ጠመንጃ ሳምንት ሙሉ በእጄ ነበሩ።

አካሉን ልቀይር አልችልም፣ ቅርጹ ያጋልጠኛል። አፈሙዙን ግን ማን ያያል? የተራውን አፈሙዝ ከጌጠኛው አካል ጋር አጋጠምኩት። አልገባ ሲለኝ ከአካሉ ላይ የፀጉር ያህል ሞረድኩለት። ጌጠኛው አፈሙዝ ላይ ያለው የቅጠል ረድፍ ተራው ላይ ስለሌለ ፈለፈልኩት። ጥሩ አድርጌ የሠራሁት መስሎኝ ነበር። ቁጥሩ እንዳልተስማማ ሰጠሁት። ሆዱን አላየም። አመስግኖኝ ሄደ፣ ለሥራው ሊከፍለኝ እጁን ኪሱ ከተተ፤ እምቢ ስለው «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ፊቱን ማየት አቃተኝ። ሲመጣ ሥራ አለኝ አልኩ። ሲጠራኝ አመመኝ አልኩ። ሰው ሁሉ በውርሱ ቂም ይዞ ነው አለ፤ እኔም አላስተባበልኩም፤ ከሌባ ቂመኛ ይሻላል። እናትሽ በሁለታችን ቤት መካከል ስትመላለስ ስንት ጊዜ «ምንድን ነው ያደረገህ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ጌጠኛውን አፈሙዝ ተራዬ ላይ ገጥሜ ሦስት ዓመት ተኮስኩ። አንድ ቀን ግራና ቀኝ ሁለት ወፍ ጣልኩና ጓደኞቼ አጨበጨቡ። ጠመንጃውን አጥፌ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ አልተኮስኩበትም።

አሁን የባሰውን ልንገርሽ። ሚስቱ ያመጣችውን ስከፍተው የራሴን ግራሶ አገኘሁ። ያን ሳምንት የቀባሁት ነው፤ እንደ ሰም ደርቋል። አንድም ጥይት አልገባበትም። አንድም።

የጥርስ ሐኪሙ በግንቦት መጨረሻ ይመጣል። ዝም ብዬ ባሻሽጥ እሱ ይታለላል፤ ብናገር እሷ ባዶ እጇን ትቀራለች። ልመልሰው ብል አካሉን ሞርጄዋለሁ፤ ይላላል። አፈሙዙ የሚታጠፍበትን ዘንግ በአዲስ ብረት ወፈር አድርጎ ቀርጾ መግጠም ያስፈልጋል። እጄ ያውቀዋል፣ ዓይኔ ግን አያየውም። ምን ላድርግ?

አጎትሽ

—

ሚያዝያ 17

ለአጎቴ፦

ዛሬ ረጅም ሰላምታ አልጽፍም፤ ደብዳቤዎ ይህን ጊዜ ፈጥኖ ደርሶኛል፤ መልሴም ሳይዘገይ እንዲደርስ በአውሮፕላን ፖስታ ነው የምልከው።

ተናድጃለሁ። እናቴ በእናንተ ሁለት ቤት መካከል ስትመላለስ ስንት ጫማ ጨረሰች! ሆስፒታል ተኝታ እንኳ አንዳችሁ ጠዋት፣ አንዳችሁ ማታ እንድትመጡ ሰዓት የምትከፋፍለው እሷ ነበረች፤ እንዳትገናኙ። እኔም ትልቅ አጎት እያለኝ ትልቅ አጎት ሳይኖረኝ አደግሁ። ለአንድ ጥንድ ቱቦ።

ይህን ጽፌ ወረቀቱን ልቀድ ነበር። አልቀደድኩትም። አሳድገውኛል፤ ሞረድ አስይዘውኛል፤ እርስዎን ለመጥላት ጉልበት የለኝም። ድካሜ ከቁጣዬ ይበልጣል።

እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ለሚስታቸው ይንገሯቸው። ከሥራው በፊት እንጂ በኋላ አይደለም፤ በኋላ ከሆነ ምርቃት የፈለጉ ይመስላል። ቀጥሎ አፈሙዙን ወደ ቤቱ ይመልሱ። አዲሱን ዘንግ ከሚያስፈልገው አወፍረው ይጀምሩና ጥላሸት እየቀቡ ይሞክሩ። የሚነካበት ቦታ ጥላሸቱ ይነጣል። ዓይን የሚያስፈልገው ለዚያ ብቻ ነው፤ ጥላሸት ማንበብ ደግሞ ሌላ ሰውም ይችላል። የጥርስ ሐኪሙም ዘንጉ አዲስ መሆኑን ይወቅ። ትንሽ ዋጋ ይቀንሳል፣ ይቀንስ።

መምጣት ብችል እመጣ ነበር። አልችልም። ይህንንም አልደብቅዎትም።

የእህትዎ ልጅ

—

ሰኔ 6

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለብሎኔ፦

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ። ቁጣሽ ደርሶኛል። የሚገባኝን ያህል አልነበረም፤ አራርተሽልኛል።

ነገርኳት። ወደ ቤቷ ሄጄ፣ ገና በሩ ላይ ቆሜ። ግማሹ ዕቃ በካርቶን ታሽጎ ነበር። ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «ጨረስክ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ።»

«በል ሂድ።»

ሄድኩ። ሦስት ቀን አልመጣችም። ጠመንጃውን ልትወስድ ሰው ትልካለች ብዬ ጠበቅሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት መጥታ ወንበር ሳበችና ከሞርሳው ፊት ለፊት ተቀመጠች። «ማየት የሚያስፈልገው ምኑን ነው?» አለች። የመርፌ ዓይን ያለ መነጽር የምታይ ሴት ናት። ጥላሸቱን አሳየኋት። ወዲያው ገባት።

አሥራ አንድ ቀን ሠራን። ዘንጉን እኔ ቀርጬ፣ እሷ ለካችው። እኔ ጥላሸት ቀብቼ እዘጋለሁ፣ እከፍታለሁ፤ እሷ ታነባለች። «በግራ በኩል ጥፍር የምታህል ነጥታለች። ከላይ ምንም አልነካም።» እሞርዳለሁ። «አሁንስ?» «ግራው ጠበበ፣ ታችኛው ጫፍ ላይ ክር የሚያህል አለ።» ሌላ ወሬ አልነበረንም። ጆሮዬ ስለማይሰማ ቃሉን ጠጋ ብላ ትጮኽብኛለች፤ መንገደኛው የምንጣላ እየመሰለው ወደ ውስጥ ያይ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ግን ጠየቅኋት። «ለምን አልተኮሰበትም?»

እጇ ላይ ያለውን ጥላሸት ረጅም ጊዜ ጠረገች። «እጠይቀው ነበር» አለች። «‹ይህ የእሱ ነበር፤ አባቴ ተሳስቶ ነው የሰጠኝ› ይለኝ ነበር። ‹እንደ ቀድሞው ቤቴ የመጣ ቀን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥይቶች እሱ ይተኩሳል፤ ከዚያ ይዞት ይሄዳል› ይል ነበር። ተቀይሞኛል ብሎ ነው ያመነው። ወስደህ ስጠው ስለው፣ ‹ምጽዋት ይመስለዋል፣ አይቀበለኝም› ይላል። በየዓመቱ እንደዚሁ።»

ብሎኔ፣ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም። ሞረዱን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። እሷም አልሄደችም። ሲመሽ ሱቁን አብረን ዘጋን።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጥላሸቱ ዙሪያውን እኩል ነጣ። ሦስቱም ቁጥር ተስማሙ። ከፈትኩት። ድምፁን አልሰማሁም፤ በመዳፌ ግን አወቅሁት፤ እንዳልሽው ተነፈሰ። እሷም ሰማች መሰለኝ፤ ቅንድቧን አነሣች።

ሳይሞከር መስጠት ነውር ነው። ከድንጋይ ማውጫው ጀርባ ወዳለው ባዶ ሜዳ ሄደን አርባ እርምጃ ቆጥሬ ወረቀት ተከልኩ። ጠመንጃውን ለትከሻዬ አነሣሁና አወረድኩት። አልቻልኩም። «ስጠኝ» አለችኝ።

«ተኩሰሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ስጠኝ።»

እግሯን እንዴት እንደምትተክል፣ ሰደፉን እንዴት እንደምታስጠጋ አሳየኋት። ቀኙን ተኮሰች፤ ወደ ኋላ ተንገዳገደች። ግራውን ተኮሰች። ትከሻዋን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ማልቀስ ጀመረች። ለቀብሩ እንኳ እንዲያ ስታለቅስ አላየኋትም። ጠመንጃውን ከእጇ ተቀብዬ ቀለሆቹን አወጣሁና አጠገቧ ቆየሁ። ሌላ የማደርገው አጣሁ። ኋላ ወረቀቱን ሄጄ አየሁት፤ ጫፉን ነው የመታችው፤ ግን ሁለቱም አንድ ቦታ ነው።

የጥርስ ሐኪሙ መጣ። ገልብጦ ሆዱን አየ፣ ቁጥሩን በጣቱ ዳሰሰ። ዘንጉ አዲስ መሆኑን፣ አፈሙዙም ለምን ሃያ ሁለት ዓመት ከቤቱ ርቆ እንደቆየ ነገርኩት። ስሜን አልሸፋፈንኩም። ቀና ብሎ አየኝ። «ይህን ባትነግረኝ አላውቅም ነበር» አለ። «አውቃለሁ» አልኩት። ከተነጋገሩበት ትንሽ ቀንሶ ገዛው። እሷ አልተከራከረችም፤ እጇን ዘርግታ ተቀበለች።

ተራውን ጠመንጃ እኔው ዘንድ ሰቅዬዋለሁ። የራሱ አፈሙዝ ተመልሶለታል፤ ያ ወደ ኋላ የታጠፈ ቅጠልም እንዳለ አለበት። ልሞርደው አስቤ ተውኩት። ያየ ይየው።

ትናንት እሷን አውቶቡስ ላይ ሸኘኋት። ስፌት መኪናዋን ከላይ ጭነን በገመድ አሰርን። የልጇን አድራሻ እንዳነበው በትልቁ ጻፈችልኝ። በመስኮቱ ብቅ ብላ ጮኸችብኝ። «ለእህትህ ልጅ ደብዳቤ ትጽፋለህ አይደል?»

«እጽፋለሁ» አልኳት።

«ረጅም ነው የምትጽፈው?»

«አንዳንዴ ሦስት ገጽ ይሆናል።»

«ወንድምህ እኮ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነበር የሚኖረው» አለችኝ። «አንዲት መስመር ለምን አልጻፍክለትም?»

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። እሷ መልሴን ስትጠብቅ አየኋት። አድራሻዋን በእጄ እንደያዝኩ አውቶቡሱ ሄደ።

አጎትሽ